ጤና ጣቢያው የማን ነው?

ስለ ቤተሰብ ጤና ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው እናት በቤቷ ውስጥ ማድረግ የሚገባትን ነው። ውኃ አፍሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ እንላለን። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ወደፊትም ከማለት አንቦዝንም። ይሁንና እናት የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ብቻዋን የማትወጣቸው ነገሮች አሉ። የሠፈሩ ፍሳሽ ቢገነፍል፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ባዶ ቢሆን፣ የክትባቱ ቀን እርሷ ሥራ ከምትውልበት ቀን ጋር ቢጋጭ፣ የእርሷ ንጽሕናና ትጋት ብቻውን ልጇን አያድነውም። የእነዚህ ችግሮች መፍትሔ የሚገኘው ከቤት ውጪ፣ ሰዎች ተሰብስበው በሚመክሩበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ለመሆኑ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በጎሮ፣ በቡልቡላ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት የምትኖሩ እናቶች፣ የጤና ጣቢያችሁን የሥራ አመራር ቦርድ ታውቁታላችሁ? ሐኪሟን ታውቋት ይሆናል፤ ካርድ የሚያወጣውንም እንዲሁ። ከእነርሱ በላይ ሆኖ የጣቢያውን ዕቅድ የሚያጸድቅ አንድ አካል መኖሩን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ስለዚሁ ቦርድ፣ ስለ ሥራውና እናቶች ከእርሱ ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ቦርዱ ምን ይሠራል?

በአገራችን የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከሕክምና የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ተከፍቷል። ቀደም ሲል ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት የሚገኘው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን ገንዘቡ በዚያው በተሰበሰበበት ጣቢያ ይቀራል፤ ከመንግሥት በሚመደበው በጀት ላይ ተጨምሮም ለመድኃኒት፣ ለላቦራቶሪ ዕቃ፣ ለጥገናና ለመሳሰለው ይውላል። ገንዘብ ካለ ደግሞ የሚቆጣጠረው ያስፈልጋል። ቦርዱ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በቦርዱ ውስጥ የወረዳው አስተዳደርና የመሥሪያ ቤቶች ተወካዮች፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ እንዲሁም የነዋሪው ሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ። ሥራቸውም የጣቢያውን ዓመታዊ ዕቅድና በጀት መርምሮ ማጽደቅ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ለምን እንደዋለ መከታተል፣ የአገልግሎቱን ጥራት መገምገምና የተገልጋዩን ቅሬታ ማየት ነው። እንግዲህ በጣቢያው የእናቶች ማረፊያ ክፍል አግዳሚ ወንበር ባይኖር፣ መጸዳጃ ቤቱ ተዘግቶ ቢከርም፣ ማመልከቻው የሚደርስበት ቦታ አለው ማለት ነው።

በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲያገለግል የታሰበው 40,000 ለሚሆን ሕዝብ ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ግን ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ብቻ ጸንቶ እንደማይቆም አያጣውም። ትናንት የእርሻ መሬት በነበረው ቦታ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ከያዘ ወዲህ በዙሪያው በኪራይ ክፍል የሚያድሩ ወጣት ሴት ሠራተኞች በርክተዋል። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም የብዙ ሠፈር አድራሻ ተለውጧል። ሕዝቡ እንዲህ በሚንቀሳቀስበት አካባቢ ጣቢያው የሚያገለግለው ሕዝብ ማን እንደሆነ በየጊዜው ማጣራት ይኖርበታል። በመዝገብ ያልተቆጠረች እናት በዕቅድ አትታሰብምና።

ዘጠና ቀንና አሥራ አራተኛው ሳምንት

አሁን ደግሞ ሠራተኛ እናቶችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ስሌት እናንሣ። እባካችሁ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተከታተሉን።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ከዚህ በፊት የነበረው ሕግ ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 60 ቀን ብቻ ስለነበረ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ስትሄድም አሠሪዋ ደመወዟን ሳይቆርጥ ሊፈቅድላት ይገባል፤ ማስረጃ እንድታቀርብ ግን ሊጠይቃት ይችላል። ስለዚህ ከምርመራ ስትወጡ ማስረጃችሁን መቀበል አትርሱ።

ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ሕፃን እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ያገኛል። ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ተከታታይ ክትባቶች ይሰጡታል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9ኛው ወር፣ ሁለተኛው መጠን በ15ኛው ወር ይሰጣል። አሁን አስሉ፤ 14 ሳምንት ማለት 98 ቀን ነው። የእናትየዋ ፈቃድ የሚያበቃው በ90ኛው ቀን ነው። ስለሆነም እናት ወደ ሥራዋ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ገና የአለቃዋን ፊት ለምዳ ሳትጨርስ፣ ሕፃኑን ይዛ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባታል ማለት ነው። ትክትክን፣ ጉሮሮ ዘጋንና መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት ሦስተኛው መጠን የሚሰጠውም በዚህ ሳምንት ነው። የኩፍኙ ሁለት ክትባቶችም እንዲሁ እናት ሥራ ላይ በምትሆንበት ጊዜ ይውላሉ።

እንግዲህ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ልጇን በሰዓቱ ያስከተበች እናት በ14ኛው ሳምንት ብትቀር «ቸልተኛ ናት» ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም። የጎደለው ፍላጎት አይደለም፤ ቀን ነው። ክትባቱ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ ትገደዳለች፤ የቀን ደመወዟን ወይም የልጇን ክትባት።

የጣቢያውን ችግርም መረዳት ይገባል። የሳንባ ነቀርሳና የኩፍኝ ክትባቶች በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚበቁ ሆነው ይመጣሉ፤ ብልቃጡ ተከፍቶ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሕፃናቱ በአንድ ቀን ተሰባስበው እንዲመጡ ይመርጣሉ። «ሐሙስ ይዘሽው ነይ» የሚባልበት ምክንያት ይህ ነው። ታዲያ ያ አንድ ቀን ቅዳሜ ቢሆንስ? ወይም በወር ሁለት ጊዜ ማለዳ ከሥራ ሰዓት በፊት ቢከፈትስ? ይህንን መርምሮ ሊወስን የሚችለው የጣቢያው ኃላፊና ቦርዱ ናቸው። ነገር ግን በስብሰባው ላይ ያላነሡላቸውን ጉዳይ ከየት አምጥተው ይወስናሉ? የሠራተኛዋን እናት የሥራ ሰዓት ከእርሷ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

እዚህ ላይ ለአባቶችም አንድ ቃል አለን። ሕፃን አቅፎ ለማስከተብ ወረፋ መያዝ የእናት ብቻ ሥራ አይደለም። የክትባት ካርዱን ይዞ የሄደ አባት ልጁ ተከትቦለት ይመለሳል እንጂ የሚጠይቀው የለም።

የተዘጋው የግቢ በር

ቦርድ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚመክረው ከየቤቱ ተሰብስቦ በሚመጣለት መረጃ ነው። መረጃውን የምትሰበስበው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ይህ አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ ከተማ ገባ። በከተማ የተመደቡት ባለሙያዎች በነርስነት የሠለጠኑ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በየቤቱ እየዞሩ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው ሕፃን እንዳልተከተበ፣ ማን እንደሚያስል፣ ውኃውና መጸዳጃው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በቤተሰብ ማኅደር ላይም ይመዘግባሉ።

የቦሌ ሠፈር ችግር ታዲያ እዚህ ላይ ነው። በሩ ረጅም፣ ግንቡ ከፍ ያለ ነው። ባለሙያዋ ስታንኳኳ ዘበኛው ብቅ ብሎ «ባለቤቶቹ የሉም» ይላታል። ሌላ ቀን ስትመጣም መልሱ ያው ነው። አንዳንዶቻችን «እኛ የግል ሐኪም አለን፤ ጤና ጣቢያ ለሌላቸው ነው» እንላለን። ይህ ግን የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው። ከዚያ በር በስተጀርባ የሚኖሩት ባለቤቶቹ ብቻ አይደሉም። የቤት ሠራተኛዋ አለች፤ ዘበኛው ራሱ አለ፤ አትክልተኛው ይመላለሳል። እነርሱ የግል ሐኪም የላቸውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከገጠር መጥታ በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳላት ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ይገባታል። ብዙዎቹ ግን ሥራቸውን እንዳያጡ በመፍራት ሳሉን ይደብቁታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ ተደብቆ የቆየው በሽታ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን አቅፋ ለምታሳድገው ሕፃንም ይተርፋል። ምርመራውና መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱን በትክክል መውሰድ ከጀመረች በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለሆነም ያሳላትን ልጅ ሻንጣዋን አስይዞ ማሰናበት በሽታውን ወደ ሌላ ቤት መላክ ነው። አስመርምሯት፤ መድኃኒቷን እንድትጨርስም ርዷት። ሰብአዊነቱም ጥበቡም ይኸው ነው።

በር እያንኳኩ በሽታን መፈለግ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ የፈንጣጣን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው ሕመምተኛው ራሱ ሐኪም ቤት እስኪመጣ ተጠብቆ አይደለም። ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞሩ የታመመውን ፈልገው፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ከትበው ነው። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጨረሻው በጎረቤት ሶማሊያ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከዓለም መጥፋቱን አበሰረ። ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላም፣ በስተምሥራቅ ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሕመምተኞችን ተቀብሎ ሲያክም፣ የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው የየሠፈሩን በር ያንኳኩ ነበር። ያን ጊዜ የግንብ ከፍታ ማንንም አላዳነም።

የጋራ ሕንፃ፣ የጋራ ውኃ

በጋራ መኖሪያ ቤቶች የምትኖሩ አንባብያን የእናንተ ችግር ሌላ ነው። በሩ ቢከፈትም ቧንቧው የጋራ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጄሪካንና በሮቶ ይጠራቀማል። የፍሳሽ መስመሩ ሲደፈን ከታች ያለው ቤት ይገነፍልበታል፤ ከላይ ያለው አያውቀውም። ውኃው ሲቋረጥ ባዶ በሆነው ቧንቧ ውስጥ በተሰነጠቀ ቦታ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ውኃ በተመለሰበት ሰዓት መጀመሪያ የሚመጣውን ለመጠጥ ሳታደርጉ ለጽዳት አውሉት።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተከሥቶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እንዲህ ያለው በሽታ ሀብታምና ድኻ አይለይም፤ የሚከተለው ውኃውን ነው። እንግዲህ በቤታችሁ የሚከተለውን አድርጉ።

የመጠጥ ውኃ ስታፈሉ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በቆላ ከሚያስፈልገው ጊዜ ትንሽ ይጨመርበታል። ማገዶው ወይም መብራቱ ካልተመቸ እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው አንዱን ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ድፉት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አታቋርጡበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰውነቱ ከዛለ ግን ለነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከቤት ውጪ ያለውን ደግሞ በጋራ ያዙት። የጋራ ሮቶው መቼ እንደታጠበ የሕንፃውን ማኅበር ጠይቁ። ፍሳሽ የሚገነፍልበትን ቦታ ለባለሙያዋ አሳዩአት፤ በሪፖርቷ ላይ ታስፍረው። አንድ ሰው ሲጮኽ ጩኸት ነው፤ የአንድ ሕንፃ ነዋሪ በአንድ ወረቀት ሲፈርም ግን አጀንዳ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ የምትገለገሉበት ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ፣ የሠፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ማን እንደሆነች እወቁ። የተከራያችሁ ብትሆኑም፣ መታወቂያችሁ ገና ከቀድሞ አድራሻችሁ ባይዛወርም፣ ልጃችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ።

በሁለተኛ ደረጃ በነጻ የሚሰጠውን ለይታችሁ እወቁ። የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ለሌላው ሕክምና ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ከተማችንም የገባው ይህ መድን፣ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ የሚታከምበት ነው፤ መክፈል ለማይችሉት ድኾች መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። በተለይ ደመወዛቸው በወር በማይመጣ ሥራ የሚተዳደሩ፣ እንጀራ ጋግረው፣ ጉሊት ቸርችረው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች የምዝገባው ወቅት እንዳያመልጣቸው ጎረቤት ሊያስታውሳቸው ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ በቦርዱ ውስጥ የነዋሪው ተወካይ ማን እንደሆነ የጣቢያውን ኃላፊ ጠይቁ። ይህ ምስጢር አይደለም። ተወካዩን ካገኛችሁ ወቀሳ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የተለየ ጥያቄ ያዙ። «አገልግሎቱ መጥፎ ነው» ከማለት «በዚህ ቀን መጥቼ ይህ መድኃኒት የለም ተባልኩ፤ ከውጪ በዚህ ዋጋ ገዛሁ» ማለት ይበልጣል። «ሠራተኞች ተቸግረናል» ከማለት «እኛ በአንድ ፋብሪካ የምንሠራ ይህን ያህል እናቶች፣ ልጆቻችን በዚህ ወር 14ኛ ሳምንታቸውን ይይዛሉ፤ በቅዳሜ ይከተቡልን» ማለት ይበልጣል። ቀን፣ ቁጥርና ቦታ የያዘ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባም «ምን ደረሰ?» ይባልበታል።

በመጨረሻም ተወካይ ሲመረጥ ራሳችሁን አታግልሉ። እናቶች በጤና ጣቢያ በር ላይ ከማንም የበለጠ ቆመዋል። ወረፋው የት እንደሚረዝም፣ የትኛው ክፍል እንደሚበርድ፣ በየትኛው ሰዓት መድኃኒት ቤቱ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ይህ እውቀት ከጠረጴዛው ዙሪያ መቅረት የለበትም። ማንበብና መጻፍ የማያውቁ እናት እንኳ ቢሆኑ፣ ሦስት ልጅ በዚያ ጣቢያ ወልደው ያስከተቡ ከሆነ ስለ ጣቢያው የሚሉት አላቸው።

ጤና ጣቢያው የማን ነው ብለን ነበር። ሕንፃው የመንግሥት ነው፤ ሙያው የሐኪሞቹና የነርሶቹ ነው። አገልግሎቱ ግን የሚቃናው ባለቤት ነኝ ብሎ የሚጠይቀው ሲኖር ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያዋ በራችሁን ስታንኳኳ ክፈቱላት። ውኃ አቅርቡላት፤ በፀሐይ የምትዞር ናትና። የጠየቀችውን ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛችሁንም የዘበኛችሁንም ጨምራችሁ፣ ንገሯት። ከመሄዷ በፊት ደግሞ እናንተም አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ «ቦርዱ የሚሰበሰበው መቼ ነው?»